ለሸማ መሸጫ ድረ ገጽ የቀለም ምርጫ፦ ነጩ ጋቢ ለምን ነጭ አይመስልም?

ድርና ማግ (ደብረ ማርቆስ)

ጤና ይስጥልኝ፣ የዚህ መድረክ ታዳሚዎች። አክስቴ ሸማ ይሸጣሉ፤ ጋቢውን፣ ነጠላውንና የጥበብ ቀሚሱን ከሸማኔዎች እየተቀበሉ በሱቃቸው ሲሸጡ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ባለፈው ክረምት ድረ ገጽ እንድሠራላቸው ጠየቁኝና ማታ ማታ ከሥራ በኋላ እየተቀመጥኩ ሠራሁላቸው። የገጹን ራስጌ እንደ አደይ አበባ ቢጫ አደረግሁትና የሱቁን ስም በነጭ ፊደል ጻፍኩበት። የቢጫው ልክ፣ እያንዳንዱ የስክሪን ብርሃን ከ0 እስከ 255 ሲለካ፣ ቀይ 250፣ አረንጓዴ 200፣ ሰማያዊ 30 ነው። ልብሶቹ የተደረደሩበትንም ቦታ በዚያው ቢጫ ሞላሁት። ዋጋው ዓይን እንዳይወጋ ብዬ ሦስቱም ቁጥሮች 170 በሆኑበት ስስ ግራጫ አስቀመጥኩት፤ ከነጭ መደብ ላይም አሰፈርኩት። ልብሱ መኖሩን አረንጓዴ ነጥብ፣ ማለቁን ቀይ ነጥብ ያመለክታል።

በኮምፒውተሬ ላይ ሳየው እጅግ አምሮኝ ነበር። ሥራው ከተለቀቀ በኋላ ግን ሁለት ቅሬታ መጣ። አንደኛው ከአክስቴ ነው፤ ስልካቸውን ከፍተው ጥቂት አዩና፣ «ልጄ፣ ይህ ጋቢ አመድ የነካው ይመስላል፤ የእኔ ጋቢ እንዲህ ነው?» አሉኝ። ሁለተኛው ደንበኞች ዋጋው አይነበብም ማለታቸው ነው፤ በተለይ ከቤት ውጭ በፀሐይ ስልካቸውን የሚከፍቱ ሰዎች ዋጋውን በስልክ ደውለው ይጠይቃሉ። ቀለሞቹን እንደገና መምረጥ እንዳለብኝ ገብቶኛል፤ ነገር ግን ከየት ልጀምር? ልምድ ያላችሁ ሰዎች ምክንያቱን ጭምር ብታስረዱኝ ትልቅ ውለታ ነው።

ጣና ዳር (ባሕር ዳር)

እንደምን ሰነበቱ። የዋጋው ጉዳይ በቁጥር የሚመለስ ስለሆነ ከእሱ ልጀምር። የድር ደረጃዎችን የሚያወጣው ዳብሊው ስሪ ሲ የተባለው ዓለም አቀፍ ጥምረት፣ በጽሑፍና በመደቡ መካከል ሊኖር የሚገባውን የብርሃን ንፅፅር በፈረንጆች 2008 ባወጣው የተደራሽነት መመሪያ ላይ በልክ አስቀምጦታል። ልኩ ከ1 ለ 1 ይጀምርና ጥቁር ጽሑፍ በነጭ መደብ ላይ ሲሆን 21 ለ 1 ይደርሳል። ለመደበኛ ጽሑፍ ቢያንስ 4.5 ለ 1፣ ተለቅ ላለ ጽሑፍ ቢያንስ 3 ለ 1 ያስፈልጋል፤ ጠበቅ ያለውን ደረጃ ማሟላት የፈለገ ደግሞ 7 ለ 1 ላይ መድረስ አለበት።

አሁን የእርስዎን ቀለሞች እንመዝን። ያ ግራጫ በነጭ ላይ 2.3 ለ 1 ብቻ ነው። የሱቁ ስም ደግሞ ከዋጋውም የባሰ ነው፤ ነጭ ፊደል በዚያ ቢጫ ላይ 1.57 ለ 1 ይሆናል። ሰው ስሙን የሚያነበው ፊደሉን ለይቶ አይቶት ሳይሆን ሱቁን አስቀድሞ ስለሚያውቀው ይመስለኛል።

ቢጫ ለነጭ ጽሑፍ የማይመቸው በቀላል ምክንያት ነው። በስክሪን ላይ ቢጫ የሚፈጠረው ቀይና አረንጓዴ ብርሃን አንድ ላይ ሲበሩ ነው። ዓይናችን ከሁሉም በላይ የሚሰማው አረንጓዴውን ብርሃን በመሆኑ፣ የንፅፅሩ ስሌት ለአረንጓዴ 71.52 በመቶ፣ ለቀይ 21.26 በመቶ፣ ለሰማያዊ 7.22 በመቶ ክብደት ይሰጣል። ስለዚህ ንጹሕ ቢጫ ከነጭ የሚጎድለው ያችን የሰማያዊን ጥቂት ድርሻ ብቻ ነው፤ ሁለቱ ሲመዘኑ 1.07 ለ 1 ይሆናሉ። ቢጫውን ከወደዱት ያስቀሩት፣ ነገር ግን ፊደሉን ጠቆር ያለ ቡናማ ያድርጉት፤ ቀይ 60፣ አረንጓዴ 40፣ ሰማያዊ 25 ቢያደርጉት በዚያው ቢጫ ላይ 8.8 ለ 1 ያገኛሉ።

አንድ ነገር ልጨምር። ለአማርኛ ጽሑፍ 4.5 ለ 1 ይበቃል ብዬ አላምንም። «ለ»ን ከ«ሉ»፣ «ሰ»ን ከ«ሱ» የሚለያቸው ከጎን የምትወጣ አንዲት ጭረት ናት። ስልኩ ባትሪ ለመቆጠብ ብርሃኑ ዝቅ ተደርጎ ከሆነና ጽሑፉም ስስ ከሆነ፣ መጀመሪያ የምትጠፋው ያች ጭረት ናት። በእኔ ሥራ ውስጥ ለማንኛውም የአማርኛ ጽሑፍ ከ7 ለ 1 በታች አልወርድም፤ ፊደሉንም ከተለመደው ልክ ትንሽ ከፍ አደርገዋለሁ።

ብራና (ዘጌ)

ጣና ዳር ስለ ጽሑፉ የሚበቃ ማስረጃ ስላቀረቡ፣ እኔ የአክስትዎን ቅሬታ አነሣለሁ። ሥራዬ ሥዕል መሣል ነው፤ ድረ ገጽ የመሥራት ሙያ የለኝም። ነገር ግን ጋቢው አመድ የነካው የመሰለበት ምክንያት ለሠዓሊ እንግዳ አይደለም። አክስትዎ ያዩት እውነት ነው።

ዓይን አንድን ቀለም ለብቻው አያይም፤ አጠገቡ ካለው ጋር እያመዛዘነ ነው የሚያየው። አንድን ነጭ ጨርቅ በቢጫ ከበቡት እንደሆነ፣ ዓይን ከቢጫው በተቃራኒ ያለውን ሰማያዊነት በነጩ ላይ ይጨምርበታል፤ የዚያን ጊዜ በእጅ የተፈተለ ጥጥ የነበረው ሞቅ ያለ ነጭ ቀዝቅዞ አመድማ ይመስላል። ይህንን ሕግ በጽሑፍ ያደላደለው ፈረንሳዊው ኬሚስት ሚሼል ዩጂን ሼቭረል ነው። ነገሩ የተጀመረው ደግሞ ከሽመና መሆኑ ለእርስዎ ጥያቄ ተስማሚ ነው። ሼቭረል በፈረንጆች 1824 በፓሪስ በጎብላን የሽመና ሥራ ቤት የማቅለሚያው ክፍል ኃላፊ ሆኖ ተሾመ፤ ጥቁሩ ክር ደብዝዟል የሚል አቤቱታም ቀረበለት። ማቅለሚያውን ቢመረምረው ጉድለት አላገኘበትም። ችግሩ ከጥቁሩ ጎን የተሸመኑት ሌሎች ቀለሞች ነበሩ። ጥናቱን በ1839 አሳተመው። እርስዎም የጋቢውን ፎቶ ደጋግመው ቢያስተካክሉ መፍትሔ አያገኙም፤ መቀየር ያለበት የከበበው ቢጫ ነው።

ስለዚህ እኔ የምመክርዎ፣ ቀለም ሲመርጡ ከራስጌው ሳይሆን ከልብሱ እንዲጀምሩ ነው። የሱቁ ቀለም በጥለቱ ላይ አለ፤ ገጹ የራሱን ቀለም ይዞ ከጥለቱ ጋር ሊፎካከር አይገባውም። ልብሱ የሚቀመጥበትን መደብ ወደ የትኛውም ቀለም የማያደላ ነጣ ያለ ግራጫ፣ ወይም እጅግ ጥቂት ሙቀት ያለው ነጭ አድርጉት። ደማቁን ቀለም ደግሞ የብራና መጻሕፍታችን ጸሐፊዎች ቀዩን ቀለም እንደተጠቀሙበት ተጠቀሙበት። ጽሑፉ ሁሉ በጥቁር ቀለም ይጻፋል፤ ቀዩ የአምላክ፣ የእመቤታችንና የቅዱሳን ስም ሲመጣ ወይም አዲስ ክፍል ሲጀመር ብቻ ይወጣል። ገጹን የገለጠ ሰው ዓይኑ ወዲያው ቀዩ ላይ የሚያርፈው፣ ቀዩ በሌላው ቦታ ስላልባከነ ነው። በእርስዎ ገጽ ላይ እንዲህ ሊከበር የሚገባው «ይዘዙ» የሚለው አዝራር ይመስለኛል።

ጮቄ ሥር (ቢቸና)

ሁለቱም አስተያየቶች መልካም ናቸው፤ እኔ ግን ለየት ያለ ሐሳብ አለኝ። በቤት ማስዋብ ሙያ የታወቀ የ60፣ 30 እና 10 ክፍፍል አለ፤ ድረ ገጽ ሠሪዎችም ይጠቀሙበታል። ሙሉውን መደብ፣ ማለትም 60 በመቶውን ጥቁር፣ 30 በመቶውን ወርቃማ፣ የቀረውን 10 በመቶ ቀይ ብታደርጉት ገጹ የከበረ ዕቃ መሸጫ ይመስላል። ነጭ ልብስም በጥቁር ላይ ጎልቶ ይወጣል። የስልክ ስክሪኑ ኦሌድ የሚባለው፣ ጥቁር ቦታው ብርሃን የማያወጣ ዓይነት ከሆነ ጥቁር ገጽ ባትሪ ይቆጥባል፤ መብራት በሚጠፋበት አገር ይህ ትንሽ ጥቅም አይደለም።

የሸማኔ ልጅ (ፍኖተ ሰላም)

ጮቄ ሥር፣ የባትሪውን ነገር አልቃወምም። ነገር ግን የጥበብ ቀሚስ የሚገዛው ለሠርግ፣ ለጥምቀት፣ ለእንቁጣጣሽና ለክርስትና ነው። እናቴ ጥቁር ልብስ የለበሰችው ለሐዘን ብቻ ነው፤ ለልጇ የሠርግ ልብስ ልትመርጥ ገጹን ስትከፍት ዙሪያው ጥቁር ቢሆንባት ደስ አይላትም። ቀለም ትርጉሙን የሚያገኘው ከለባሹ ነው። በነገራችን ላይ ለፎቶ ነጠላ የምታለብሱ ሰዎች ጥለቱን ተጠንቀቁ፤ ነጠላ ተዘቅዝቆ ጥለቱ ወደ አንገት ሲወጣ የሐዘን አለባበስ ነው። እንዲህ ያለውን ፎቶ «ለበዓል» ብሎ የለጠፈ ገጽ አይቼ በጣም ቅር ብሎኛል።

ጣና ዳር (ባሕር ዳር)

በጥቁሩ ላይ እኔም ከየሸማኔ ልጅ ጋር እስማማለሁ፤ ምክንያቴ ግን የዓይን ነው። ነጭ ጋቢ በጥቁር መካከል ሲቀመጥ ያበራል እንጂ አይታይም፤ የሽመናው ድርና ማግ፣ የፈትሉ ውፍረትና ቅጥነት በዚያ ብርሃን ውስጥ ይጠፋል። ገዢው ደግሞ ማየት የሚፈልገው ይህንኑ ነው።

ስልኩን በጥቁር ገጽታ ለሚጠቀም ሰው ሁለተኛ የቀለም ስብስብ ማዘጋጀት ይቻላል፤ ድረ ገጹ የስልኩን ምርጫ አውቆ ራሱ ይቀያይራል። ይህንን ስታደርጉ ግን ፎቶው ያረፈበትን ሰሌዳ ነጣ እንዳለ ተዉት፤ የሚጠቁረው ዙሪያው ብቻ ይሁን። ስለ 60፣ 30 እና 10 ክፍፍል ደግሞ፣ ለባዶ ክፍል የወጣ ልክ መሆኑ መረሳት የለበትም። በሸማ ገጽ ላይ ከግማሽ በላይ ቦታ የሚይዘው ፎቶው ነው፤ የፎቶው ቀለም በማናችንም እጅ ስላልሆነ ክፍፍሉ ከመጀመሪያው ይፈርሳል።

ሰባት ዋርካ (ዳንግላ)

እስካሁን ማንም ያላነሣው አንድ ነገር አለ፤ ያም አረንጓዴና ቀይ ነጥቦቹ ናቸው። እኔ ቀይና አረንጓዴን መለየት ከሚቸግራቸው ሰዎች አንዱ ነኝ። ይህ ችግር ከሴቶች ይልቅ በወንዶች ላይ እጅግ ይበዛል፤ ምክንያቱም የሚወረሰው በኤክስ ክሮሞዞም ሲሆን ወንድ ያለው አንድ ኤክስ ብቻ ነው። ልጅ ሆኜ የበሰለውን ቃሪያ ካልበሰለው ለይተህ ልቀም ስባል እየደባለቅሁ እገሠጽ ነበር፤ ምክንያቱ ያልገባቸው ቤተሰቦቼ ናቸው እንጂ እኔ ሰነፍ አልነበርኩም።

ባለፈው ዓመት ከአንድ መሸጫ ገጽ ላይ ለባለቤቴ ቀሚስ መርጬ ገንዘቡን ላክሁ። ከሁለት ቀን በኋላ ደውለው ዕቃው ማለቁን ነጥቡ ያሳይ እንደነበር ነገሩኝ። ለእኔ ሁሉም ነጥቦች አንድ ዓይነት ጭቃማ ቀለም ነበራቸው። ገንዘቤ ተመልሶልኛል፤ ቀሚሱ ግን ለበዓሉ አልደረሰም። የዳብሊው ስሪ ሲ መመሪያም ማንኛውም መልእክት በቀለም ብቻ እንዳይተላለፍ ይከለክላል። ስለዚህ «አለ» እና «አልቋል» ብላችሁ በቃል ጻፉት። ቀለሙን ከወደዳችሁት ይቆይ፤ ቃሉን ግን አትተዉት።

ብራና (ዘጌ)

ሰባት ዋርካ የተናገሩት ነገር የቆየ ዕውቀት አስታወሰኝ። የዑራ ኪዳነ ምሕረትን የመቅደስ ሥዕሎች በስልክ አንሥቼ ፎቶውን ወደ ጥቁርና ነጭ ቀይሬው ነበር። ቀዩ ካባና አረንጓዴው መደብ ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ግራጫ ሆኑ፤ ሥዕሉ ግን አልፈረሰም። በሁለቱ መካከል ያለው ጥቁር መሥመር ፊቱን ከፊት፣ ልብሱን ከልብስ እንደለየ ቆመ። የአብነቱ ሠዓሊ ቀይና አረንጓዴን ሲያጎራብት በመካከላቸው መሥመር ማስመሩ ለውበት ብቻ አለመሆኑን የዚያን ዕለት ተረዳሁ። ድርና ማግም ገጹን ወደ ጥቁርና ነጭ ቀይረው ይዩት፤ በግራጫው ውስጥ ያልተለየ ነገር በቀለሙም እንደማይለይ ይቁጠሩት።

ጣና ዳር (ባሕር ዳር)

የብራናን ትዝብት ቁጥሩም ይደግፈዋል። ንጹሕ ቀይ ጽሑፍ በመካከለኛ አረንጓዴ ላይ፣ ማለትም አረንጓዴው 128 ሆኖ ሌሎቹ ዜሮ ሲሆኑ፣ 1.28 ለ 1 ነው። የሰንደቅ ዓላማችንን ሦስት ቀለሞች በየገጹ ለማስገባት የምትወዱ ወዳጆች ይህንን አስተውሉት፤ ሰንደቅ ላይ ሦስቱም ሰፊ ሆነው ጎን ለጎን ስለሚቆሙና ፊደል ስላልሆኑ ያምራሉ፤ አንዱ በሌላው ላይ ሲጻፍ ግን አይነበብም።

ፎቶ ቤት (ሞጣ)

ስለ መደቡ የተባለውን ሁሉ እቀበላለሁ፤ ነገር ግን ፎቶው ራሱ የተበላሸ ቢሆንስ? ብዙዎቹ ሱቆች ግድግዳቸው አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ቀለም የተቀባ ነው። ከግድግዳው የሚመለሰው ብርሃን በነጭ ጋቢ ላይ ያርፋል፤ ስልኩም ይህንን ብርሃን አብሮ ያነሣል። ጋቢውን ወደ በረንዳ አውጡት፣ ፀሐይ በቀጥታ የማያርፍበት ጥላ ምረጡ፣ ከጎኑ አንድ ነጭ ወረቀት አስቀምጡና አንሡ። በኋላ በማስተካከያው የነጭ ሚዛኑን በወረቀቱ ላይ ልክ አድርጉት፤ ጋቢው ከወረቀቱ ትንሽ ሞቅ ብሎ ከታየ ልክ ነው፤ የእጅ ፈትል ከወረቀት እኩል አይነጣም። ሁሉንም ልብስ በአንድ ሰዓትና በአንድ ቦታ ማንሣት ይሻላል። ጧት የተነሣና አመሻሽ ላይ የተነሣ ጋቢ አንድ ገጽ ላይ ሲቀመጡ ከሁለት ሱቅ የመጡ ይመስላሉ።

ድርና ማግ (ደብረ ማርቆስ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ሁለት ሳምንት የዘገየሁት ፎቶዎቹን በሙሉ እንደገና በማንሣቴ ነው። የአክስቴ ሱቅ ግድግዳ በእርግጥም አረንጓዴ ነው፤ ፎቶ ቤት በደጃችን ያለፉ ያህል ነው የተናገሩት። ያደረግሁትን በዝርዝር ልንገራችሁ።

የገጹ መደብ አሁን ቀይ 250፣ አረንጓዴ 248፣ ሰማያዊ 245 ሆኗል፤ ነጭ የሚመስል፣ ጥቂት ሙቀት ያለው ቀለም ነው። ጽሑፉን ሁሉ ጣና ዳር ወደ ነገሩኝ ቡናማ ቀየርኩት፤ በዚህ መደብ ላይ 13 ለ 1 ገደማ ይሆናል። ዋጋውን በዚያው ቡናማ አወፈርኩት። «ይዘዙ» የሚለው አዝራር ጠቆር ያለ አረንጓዴ ሆኗል፤ ቀይ 0፣ አረንጓዴ 90፣ ሰማያዊ 60፣ ነጭ ፊደሉም ከ8 ለ 1 በላይ ንፅፅር አለው። በገበያ ቀን ከሚታየው ከጎጃም ገበሬ አረንጓዴ ቁምጣ የወሰድኩት ነው፤ ከነጭ ጋቢ ጋር አብሮ ማየት የለመድነው ቀለም ስለሆነ ለአክስቴም አልከበዳቸውም። ቢጫው ከራስጌው በታች እንደ ጥለት ቀጭን ሆኖ ቀርቷል፤ ምንም ጽሑፍ አላስቀመጥኩበትም። ከነጥቦቹ ይልቅ «አለ» እና «አልቋል» የሚሉ ቃላት ተጽፈዋል። እነዚህን ቀለሞች የገጹን መልክ በሚወስነው የሲኤስኤስ ፋይል መጀመሪያ ላይ በስም አስቀምጫቸዋለሁ፤ ወደፊት አንዱን መለወጥ ቢያስፈልግ በየገጹ መፈለግ የለብኝም።

አክስቴ ስልካቸውን ከአንድ ጋቢ አጠገብ በረንዳው ላይ አስቀምጠው እያፈራረቁ አዩና፣ «ጋቢው ይኸ ነው» አሉ። አንድ የቀረ ነገር ግን አለ። «ሐምራዊ ጥለት» ብዬ የጻፍኩበትን ነጠላ አንዲት ደንበኛ ሮዝ ነው ብላ ገዝታ፣ ሲደርሳት ወይን ጠጅ ሆነባት። ሌላዋ ደግሞ ቀዩ በስልኳ ብርቱካናማ ይመስላል አለች።

የሸማኔ ልጅ (ፍኖተ ሰላም)

«ሐምራዊ» በሚለው ቃል ብዙ ሰው ይጣላበታል፤ ግማሹ ሮዝ፣ ግማሹ ወይን ጠጅ ነው ይላል። እኛ ቤት ለገዢ ስንናገር ቃሉን ትተን «እንደ ወይን ጠጅ የጠቆረ» ወይም «እንደ ሽንኩርት ልጣጭ» እያልን ከሚታወቅ ነገር ጋር እናመሳስለዋለን። የስልኩን ቀለም ግን ማንም ሊያስተካክለው አይችልም፤ ሁሉም ስልክ የየራሱ ስክሪን አለው። ስለዚህ ለውድ ቀሚስ ከማዘዛቸው በፊት ከየጥለቱ ክር አንድ ጣት የሚያህል ቆርጣችሁ በፖስታ ላኩላቸው። ክሩን በእጇ ይዛ የመረጠች ሰው አትመልስም።

ድርና ማግ (ደብረ ማርቆስ)

ይህንንስ አላሰብኩትም ነበር። ለአክስቴ አነበብኩላቸው፤ የተረፉ የጥለት ክሮች የሞሉበት አንድ ቅርጫት አላቸው። ነገ ቁጭ ብለን በየቀለሙ እንለያለን፤ በየቀሚሱ ሥር «የክሩ ናሙና ይላክልኝ» የሚል ሁለተኛ አዝራርም እጨምራለሁ፤ መደቡ ነጭ፣ ዳሩና ጽሑፉ ቡናማ ይሆናል፤ አረንጓዴው ለ«ይዘዙ» ብቻ ይቆያል።